እማዬና አዲሱ ስልክ

እኅቴ ከዱባይ ለእማዬ ስማርት ስልክ ላከችላት። ባለ ቁልፏ ስልክ ግን ከመቀነቷ አልወጣችም፤ «እሷን አምናታለሁ» ትላለች።

ማንበብ አያቅታትም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥራለች። ያወካት የስልኩ ፊደል ገበታ ነው። ግዕዙ ብቻ ተደርድሯል፤ ሌሎቹ ብቅ የሚሉት «ሀ» ከተነካ በኋላ ነው። «ሁ እና ሂን ማን ወሰዳቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው፣ የተማረችው ሰባቱም በተርታ ተሰልፈው ነበር።

ስለዚህ ወደ ቴሌግራም ድምፅ ዞርን። እዚያ ደግሞ ሰላምታዋ ረጅም ነው። ጤና፣ ልጆች፣ ሥራ፣ የአገሩ ሙቀት ሁሉ በየተራ ይጠየቃል። መሀል ላይ ጣቷ ይነሳና ግማሹ ይሄዳል። ማይክራፎኑን ወደ ላይ ገፋ ካደረጉት ሳይያዝ እንደሚቀዳ ያሳየኋት ዘግይቼ ነው። እኛ ልጆች «አምጪው እኔ ላድርግልሽ» ማለት ይቀናናል፤ ለማስተማር ትዕግሥት የለንም።

ቴሌብርን ለጊዜው አቁመነዋል። ጎረቤት ለቡና በተሰበሰበበት የሚስጥር ቁጥሯን አንድ በአንድ ጮክ ብላ እየጠራች ነው የምትነካው። ይህን እስክትተው የእድር መዋጮዋን እኔው እከፍላለሁ።