ጋሽ ሙላቱን ካምደን አገኘኋቸው

ከካምደን ታውን ባቡር ጣቢያ እስከ ጃዝ ካፌ ድረስ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባገኛቸው በአማርኛ ምን እላለሁ?

ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው እዚሁ ለንደን፣ ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ተምረዋል። የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር አዋህደው ኢትዮ ጃዝን ፈጠሩ።

መድረክ ላይ ቫይብራፎን ተጫወቱ፤ በትንንሽ መምቻ የሚመታ የብረት መሣሪያ ነው። የትዝታ ቅኝት ሲጀመር አጠገቤ የቆመው እንግሊዛዊ ዐይኑን ጨፈነ። ለእኔ ግን የእናቴ ቡና ሸተተኝ።

ሲያልቅ ጠበቅኋቸው። «ጋሽ ሙላቱ፣ እንደምን አመሹ?» አልኩ። «አመሸህ» አይባልም፤ ለታላቅ ሰው «አመሹ» ነው። እጄን ጨብጠው በአማርኛ መለሱልኝ። ያጠናሁት እዚያ ላይ አለቀ፤ «በጣም አመሰግናለሁ» ብዬ እየሳቅኩ ወጣሁ።