ሦስት ሪሞት፣ አንዲት እናት

እናላችሁ፣ የእናቴ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሪሞቶች ነበሩ፤ የቴሌቪዥኑ፣ የዲሹ ሪሲቨርና ልጆቿ አዋጥተን የገዛንላት የሆም ቲያትር። «ልጄ፣ ድምፅ የሚጨምረው የትኛው ነው?» እያለች ስትቸገር፣ ሦስቱንም የሚተካ አንድ ሪሞት ከመርካቶ ገዛሁላት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቴሌቪዥኑን ይከፍታሉ፤ የሪሞቷ መብራት እስክትበራ «ሴት አፕ» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ይይዛሉ፤ ከዚያ ከወረቀቱ ላይ የቴሌቪዥኑን ስም ፈልገው ኮዱን ያስገባሉ። ማጥፊያውን ሲጫኑ ቴሌቪዥኑ ከጠፋ ተሳካ፤ እምቢ ካለ ቀጣዩን ኮድ መሞከር ነው። አምስተኛው ላይ ተሳካልኝ። የቀሩትንም እንዲሁ አስተካክዬ፣ ተመርቄ ወጣሁ።

በወሩ ስመለስ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ለካ ባትሪ ሲቀየርለት ርካሹ ሪሞቴ ኮዱን ሁሉ ረስቶት ኖሯል! እናቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም ብላ ተቀምጣለች።

«ምነው አልደወልሽልኝም?»

«ከሥራህ ላስፈታህ?»

ያን ቀን ኮዶቹን ፕላስተር ላይ ጽፌ ሪሞቱ ጀርባ ለጠፍኩ። መነጽሯን አድርጋ ራሷ አስገባች። ቴሌቪዥኑ ድርግም ሲል እንደ ልጅ ሳቀች። ለወላጆቻችን ዕቃውን ሰጥተን፣ ዘዴውን በኪሳችን ይዘን የምንሄድ ስንቶቻችን ነን?