ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ጥሪት

ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከውሃው ቀለም ነው፤ ቀለሙን የሰጡት ደግሞ ሕያዋን ናቸው። ሐይቁን ያስጠራው አርትሮስፓይራ፣ በገበያ ስሙ ስፒሩሊና፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ስፕሪንግ የተጠማዘዘ ቀጭን ክር ነው። ታሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 የውሃ ውስጥ ፎቶሲንተሲስ እስከ ምን ድረስ ሊደርስ እንደሚችል ሲጽፉ ዋና ማስረጃቸው ይኸው ሐይቅና መሰሎቹ የኢትዮጵያ ሶዳ ሐይቆች ነበሩ።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን አረንጓዴው የሚደበዝዝበት ጊዜ ነው። ስፒሩሊና ናይትሮጅን በሌለው ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ወደ ቢጫ ያደላል። ብርሃን የሚለቅምበትን ፋይኮሳያኒን የተባለ ሰማያዊ ፕሮቲን ሰባብሮ ይመገበዋል። ቡሲባና ሪችመንድ እ.ኤ.አ. በ1980 ይህ ፕሮቲን የናይትሮጅን ጥሪትም ጭምር ነው ያሉት ይህንኑ አይተው ነው። መሥሪያውን እየበላ ክፉ ቀን የሚያልፍ ፍጡር ያሳዝነኛልም፣ ያስደንቀኛልም።

ስፒሩሊና ሳያኖባክቴሪያ ከሚባሉት ወገን ነው። ብዙዎቹ ሳያኖባክቴሪያዎች ታዲያ መሥሪያቸውን ከመንካታቸው በፊት የሚያወጡት ሌላ ነገር አላቸው። ጣሊያናዊው የዕፅዋት ሊቅ አንቶኒኖ ቦርዚ እ.ኤ.አ. በ1887 በሕዋሶቻቸው ውስጥ የሚያብረቀርቁ ቅንጣቶች አይቶ ሳያኖፋይሲን አላቸው። ምንነታቸው የታወቀው ግን በ1970ዎቹ፣ ሮበርት ሳይመን ቅንጣቶቹን ለይቶ ሲመረምር ነው። አስፓርቲክ አሲድ ተቀጣጥሎ ረጅም ሰንሰለት ይሆናል፤ በእያንዳንዱ አስፓርቲክ አሲድ ጎን ደግሞ አንድ አርጂኒን ይንጠለጠላል። አርጂኒን አራት የናይትሮጅን አተሞች አሉት፣ አስፓርቲክ አሲድ አንድ። አምስት ናይትሮጅን ለአሥር ካርቦን ማለት ነው፤ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ናይትሮጅን ይሆናል። ተራ ፕሮቲን 16 በመቶ ገደማ ነው የሚይዘው።

ናይትሮጅኑን ለምን በአሞኒያ መልክ አያስቀምጡትም? አሞኒያ ይሟሟል፤ የሟሟ ነገር ሲበዛ ውሃ ወደ ሕዋሱ ይስባል፣ አሞኒያው ራሱም ሲበዛ መርዝ ነው። ሳያኖፋይሲን ግን በሕዋሱ ውሃ ውስጥ ሳይሟሟ ረግቶ ይቀመጣል። አሲድ ሲጨመርበት ይሟሟል፤ ተመራማሪዎች ከሕዋሱ የሚያወጡትም በዚሁ ጠባዩ ተጠቅመው ነው።

አሠራሩም የተለየ ነው። ፕሮቲን ሁሉ የሚሠራው በራይቦሶም ነው፤ ይኼኛው ራይቦሶም አያስፈልገውም። ለዓይን ጠብታ የምናውቀው ክሎራምፌኒኮል የባክቴሪያን ራይቦሶም ያስቆማል። ሳያኖባክቴሪያዎች ክሎራምፌኒኮል ሲጨመርባቸው ፕሮቲን መሥራታቸው ይቆማል፣ ሳያኖፋይሲን መሥራታቸው ግን ይቀጥላል። ሥራውን የሚሠራው አንድ ኢንዛይም ነው፤ መጀመሪያ በሰንሰለቱ ጫፍ አንድ አስፓርቲክ አሲድ ይቀጥላል፣ ከዚያ በጎኑ አርጂኒኑን ያያይዛል፤ ለእያንዳንዱ ቅጥያ ኃይል የሚሸከም አንድ ኤቲፒ ይከፍላል። ይህን እየመላለሰ በመቶዎች የሚቆጠር ጥንድ ይደረድራል። ማጠራቀም ያለ ወጪ አይገኝም።

መቼ እንደሚያጠራቅሙም ልብ ይሏል። ፎስፈረስ ወይም ድኝ ሲያጥር፣ ወይም ብርሃን ሲያንስ እድገት ይቆማል፤ ናይትሮጅኑ ግን እየገባ ነው። ያን ጊዜ ቅንጣቶቹ ይወፍራሉ። በውቅያኖስ የሚኖሩ አንዳንድ ነጠላ ሕዋሶች ደግሞ በየቀኑ ይመላለሱበታል፤ የአየሩን ናይትሮጅን በሌሊት ይይዙና በሳያኖፋይሲን ያስቀምጣሉ፣ ቀን ፎቶሲንተሲስ ሲሠሩ አውጥተው ይጠቀሙበታል። ናይትሮጅን የሚይዘውን ኢንዛይም ኦክስጅን ያበላሸዋል፤ ሁለቱን ሥራ በሰዓት መለየታቸው ለዚህ ነው።

አናቤና የተባለው ሳያኖባክቴሪያ ግን ሁለቱን ሥራ የሚለየው በቦታ ነው። በክር ከተሰለፉት ሕዋሶች መካከል ጥቂቶቹ ወፍራም ግድግዳ ለብሰው ኦክስጅን ማምረት ይተዋሉ፤ ሥራቸው ለጎረቤቶቻቸው ናይትሮጅን መያዝ ይሆናል። ከጎረቤት ጋር የሚገናኙት በጠባብ አንገት ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ልክ አንገቱ ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ጉብታ አለ፤ ሳያኖፋይሲን ነው። ጎታ የሚቀመጠው ከጓዳ ነው፤ እነዚህ ምን ቢያስቡ ነው ከደጃፍ ያስቀመጡት? ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚጥመው ይህ ነው።

በስፔን የሴቪያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 መልስ አገኙ። ሳያኖፋይሲን የሚፈታው በሁለት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ኢንዛይም ሰንሰለቱን ወደ ጥንዶች፣ አንድ አስፓርቲክ አሲድ ከአንድ አርጂኒን ጋር አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ሁለተኛው ጥንዱን ይለያያል። ይህ ሁለተኛው ኢንዛይም ናይትሮጅን በሚይዘው ሕዋስ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው፤ በብዛት ያለው ከጎረቤቶቹ ዘንድ ነው። ስለዚህ ጥንዱ ሳይለያይ በአንገቱ በኩል ያልፋል፤ አርጂኒንና አስፓርቲክ አሲድ ሆኖ የሚለየው ናይትሮጅኑን ከሚፈልገው ሕዋስ ቤት ከገባ በኋላ ነው።