የአቤቱታ ጸሎት

ሁለቱ ኩላሊቶቼ ሥራ ካቆሙ አራት ዓመት አለፈ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል፣ ደሜ በቱቦ ወጥቶ በማሽን ታጥቦ ይመለሳል። የኩላሊት እጥበት በሽታውን አያድንም፤ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ያደርሳል እንጂ። የምጠጣው ውኃ ይለካል፤ ሙዝ እንኳ በፖታሲየሙ ምክንያት ይፈራል። ወጪውማ አይነሣ!

“እምነትህ ያጽናህ” የሚሉኝ ወዳጆች ብዙ ናቸው። ያጸናኛልም። አንዳንዶቹ ግን አማኝ ሰው ሲያመው “ተመስገን” ብቻ የሚል ይመስላቸዋል። ምሬት ካሰማሁ ይደነግጣሉ።

እናቴ በየቀኑ የምትደግመውን ዳዊት በእጥበቱ አልጋ ላይ ሆኜ ማንበብ ስጀምር ያስደነቀኝ የአቤቱታው ብዛት ነበር። በግዕዙ ቁጥር 87ኛው፣ በዕብራይስጡ 88ኛው መዝሙር፣ መጽናኛ ሳያገኝ በጨለማ ያበቃል። ሆኖም ከመጽሐፉ አልወጣም፤ ሲጸለይበት ይኖራል። ክርስቶስም በመስቀል ላይ የጮኸው የ21ኛውን መዝሙር መክፈቻ ነው።

ሰው አቤት የሚለው ሰሚ አለ ብሎ ሲያምን ነው። ባዶ ቤት ደጃፍ ቆሞ ማን ይጮሃል? ስለዚህ ማመስገን ሲያቅተኝ እጮሃለሁ፤ እርሱም ጸሎት ነው። ከጮህኩ በኋላ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ለመጠበቅ አቅም አገኛለሁ። ከዚያ በላይ ተአምር አልተደረገልኝም።

እናንተም በሽተኛ ስትጠይቁ፣ “አይዞህ” ከማለታችሁ በፊት እስኪ ምሬቱን ጨርሶ እስኪናገር ታገሡት።