ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

ከጀማዓችን ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ስለሆንን፣ ይህችን ጽሑፍ ከዲፓርትመንቴ ልጆች ይልቅ ለእናንተ ብዬ ነው የጻፍኳት።

አሮጌ ትራክተር ጠዋት አልነሳ ሲል፣ ነጭ ጭስ ሲተፋና ጉልበት ሲያጣ መካኒኩ «ኮምፕረሽን የለውም» ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው «ሞተሩ ይውረድ» ነው። ፋሻ፣ ካሚቻ፣ ፒስተን፣ ሁሉም ይቀየር። በየካቲቱ የሴሚስተር እረፍት አሳሳ ስገባ አጎቴ ስለ ማሴ ፈርጉሰን 290 ትራክተራቸው የተነገራቸው ይኸው ነበር። የተጠየቁት ገንዘብ ሁለት በሬ ተሸጦም አይሞላም። ለጎረቤት ለማረስ የተቀበሉት ቀብድ ደግሞ ለዘር መግዣ ወጥቷል።

መካኒኩ ዝም ብሎ አልገመተም፤ ጌጅ ገጥሞ ለክቷል። አንደኛው 21 ባር፣ ሁለተኛው 20፣ ሦስተኛውና አራተኛው 13። ከ28 በታች ከሆነ ሞተሩ አልቋል ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ አራቱም ሞተዋል አለ። እኔ ግን ቁጥሮቹን ሳይ ሁለት ጤነኛና ሁለት በሽተኛ ነበር የታየኝ።

ምክንያቱ ቦታው ነው። አሳሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ሲሊንደር ደግሞ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው። ታች በባሕር ዳር 28 የሚያሳይ ሞተር አሳሳ ላይ 21 ቢያሳይ ምንም አልሆነም ማለት ነው። (ፈተና ላይ መነሻው ሁልጊዜ 100 ኪሎ ፓስካል ተብሎ ይሰጠናል። እንዲህ ያለ አየር ደጋችን ላይ የት እንደሚገኝ የጠየቀ መምህር ግን እስካሁን አልገጠመኝም።) ስለዚህ ቁጥሩን ከመጽሐፍ ጋር ከማስተያየት በፊት ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማስተያየት ይሻላል።

ይህን ስነግራቸው አጎቴ «አንተ ልጅ፣ መጽሐፍህን በትን እንጂ ሞተሬን እንዳትበትን» አሉኝ። ቢሆንም ሞተሪኖውን እንዳዞር ፈቀዱልኝ። መድረሳ እያለሁ ኡስታዛችን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሃያ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲቀራ የማን መድ እንዳጠረ ይለዩ ነበር። አጎቴም ጆሯቸውን ሰጥተው «ሁለቴ ይከብደዋል፣ ሁለቴ ይቀለዋል» አሉ። የዚህ የፐርኪንስ ሞተር የማቀጣጠል ተራ 1-3-4-2 ነው። ሦስትና አራት ተከታትለው ስለሚመጡ ደካሞቹ እነሱ ከሆኑ ድምፁ ልክ እንደዚያ ይሆናል። አርባ ዓመት ያረሰ ሰው ጆሮ ከጌጁ ጋር ተስማማ።

ሆኖም ድምፅ የት እንደተጎዳ እንጂ ለምን እንደተጎዳ አይናገርም። ከአሮጌ ኢንጀክተር አካል ላይ በቶርኖ አዳፕተር አሠርቼ ልኬቱን ደገምኩት። ባትሪው በደንብ ተሞላ፣ የአየር ፊልትሮው ታጠበ፣ የናፍጣ ማጥፊያው ተሳበ፣ አራቱም ኢንጀክተሮች ወጡ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሞተሪኖው እኩል አያዞርምና ቁጥሩ ይዋሻል። የቤንዚን መኪና ጌጅም አይሆንም፤ የናፍጣን ግፊት አይችልም። የቫልቭ ክፍተቱን በቀዝቃዛው 0.30 ሚሊ ሜትር መሆኑን አየን። ቫልቭ ጠብቆ ሳይዘጋ ቀርቶ «ፋሻ አለቀ» የተባለ ሞተር ብዙ ነው። የእኛው ግን ደህና ነበር።

ከዚያ የዘይት ፈተና። በኢንጀክተሩ ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ይጨመራል፤ ግፊቱ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻና ካሚቻ ነው፣ ካላለ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአንዱ ሲሊንደር መጠን አንድ ሊትር ያህል ነው፤ በ16 ለ1 ሲጨመቅ የሚቀረው ቦታ 68 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። በሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ዘይት ብትጨምሩ ቦታው ጠቦ ሬሾው ወደ 20 ይወጣል። ጌጁ ከፍ ይላል፣ «ያው ፋሻው ነው» ይባላል፣ ሞተሩ በከንቱ ይወርዳል። ከሻይ ማንኪያ አትለፉ። ለአራቱም እኩል ጨምሩ። ሦስተኛውና አራተኛው ከ13 ወደ 14 እንኳ አልደረሱም።

በመጨረሻ ከጎሚስታው ኮምፕረሰር ተበደርን። የሦስተኛውን ፒስተን በመጭመቂያው ምት ላይኛው ጫፍ ላይ አቁመን፣ ማርሽ አስገብተን፣ እጃችንን ከማራገቢያው አርቀን በኢንጀክተሩ ቀዳዳ አየር ሰደድን። አየሩ በማርሚታ ቢወጣ የጭስ ቫልቭ፣ በፊልትሮ ቢወጣ የአየር ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ቢወጣ ፋሻ፣ ራዲያተሩ ውሃ ውስጥ ቢፈላ ጓርኒሲዮን ነው። እኛ ጋ በአራተኛው ቀዳዳ ላይ ያስቀመጥናት ወረቀት በረረች። ጓርኒሲዮኑ በሦስትና በአራት መሐል ተቃጥሏል ማለት ነው።

ዙህር ሰግደን ቴስታታውን አወረድን። የተቃጠለው ቦታ ጠቁሮ በዓይን ይታይ ነበር። ቴስታታው በቀጥ ያለ ብረት ሲታይ አልጎበጠም። ጓርኒሲዮኑ ከሻሸመኔ መጣ፤ ብሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ ደረጃ በደረጃ፣ በቶርክ ቁልፍ ታሰሩ። ሲለካ ሦስተኛው 20፣ አራተኛው 19 ሆነ። አልሐምዱሊላህ፣ በሬዎቹም አልተሸጡም።

ሞተሩ አዲስ ሆነ ማለቴ አይደለም። የክራንክ መተንፈሻው አሁንም ትንሽ ያጨሳል፤ ፋሻው አንድ ቀን ይቀየራል። ግን ያ በእቅድ፣ ምርት ከተሸጠ በኋላ የሚደረግ ነው። መካኒኩንም ሌባ አልለውም። እኛ አገር ሰው ለማውረድ እንጂ ለመመርመር አይከፍልም፤ ግማሽ ቀን መርምሮ «ጓርኒሲዮን ብቻ ነው» ያለ መካኒክ ኪሱ ባዶ ይቀራል። ለምርመራው ለብቻው ክፈሉ፣ ያኔ እውነቱን ለመናገር አይቸገርም።

አዳፕተሩ ዶርሜ ውስጥ ነው። በመጪው እረፍት ወደ ቤት የምትሄዱና ትራክተር ያላችሁ ከዒሻ በኋላ መስጂድ አግኙኝና ውሰዱት። የሚገጥመው ለፐርኪንስ ብቻ ነው፤ ቤላሩስ ያላችሁ አንድ የተበላሸ ኢንጀክተር ይዛችሁ ኑ፣ ቶርኖ ቤቱን አሳያችኋለሁ።