ከኋላ የሚሮጠው ልጅ

የሩጫ ነገር ሲነሣ ሁላችንም ወደ ሜዳሊያው እንቸኩላለን። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ከፈጸመ ወዲህ፥ ልጆቻችንን የምናስሮጠው ሌላ አበበ ለማግኘት ብቻ ይመስለናል። እኔ ግን ዛሬ ላነሣ የምወደው የአንደኛውን ሳይሆን የመጨረሻውን ልጅ ነገር ነው።

በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሳምንት ሦስት ቀን፥ ከትምህርት በኋላ የሚሰበሰብ የሩጫ ክበብ አለን። ወጪው ጥቂት ነው፤ ሜዳው ካለ አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ ደብተር ይበቃል። በእግር ኳስ ሃያ ሁለቱ ሲጫወቱ የቀሩት ቆመው ያጨበጭባሉ፤ በሩጫ ግን ቆሞ የሚቀር የለም። በደብተሩም ላይ የሚጻፈው ማን ማንን እንደ ቀደመ ሳይሆን፥ እያንዳንዱ ልጅ ከትናንቱ ምን ያህል እንደ ተሻለ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ አባት መጥተው፥ «መምህር፥ እኔ ልጄን የላክኋት እንድትማር ነው እንጂ አቧራ እንድታቦን አይደለም» አሉኝ። ነገራቸው የሚያስቀይም አልነበረም፤ ቤት ውስጥ ሥራ ይጠብቃታል፥ ፈተናም ቀርቧል። እኔም ክርክሩን ትቼ ደብተሩን አሳየኋቸው። ልጅቱ ሁል ጊዜ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ናት። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት በሁለተኛው ዙር ላይ ትቆም የነበረችው፥ በሦስተኛው ወር ስምንት ዙር ሳታቋርጥ ፈጽማለች። አባትዮው ቁጥሩን ደጋግመው ተመለከቱና፥ «እንዲህ መጽናቷን አላውቅም ነበር» ብለው በሳምንት ሁለት ቀን ፈቀዱላት። ስለ ሦስተኛው ቀን ገና አልተስማማንም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ልብና ሳንባ ይጠነክራል፤ አጥንትም ይጸናል። ከዚህ ሌላ ሩጫ ዐቅምን መመጠን ያስተምራል። በመጀመሪያው ዙር የሚበር ልጅ በአራተኛው ይቀመጣል፤ ይኸውም ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ በፈተና ዋዜማ ሻማ እንደሚያበራ ተማሪ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

በአርሲ፥ በበቆጂ ከተማ፥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ እነ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ገና በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። ደራርቱም በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች። ይሁን እንጂ ከእነርሱ ጋር በዚያው አቧራ ላይ የሮጡት ሌሎች ልጆች ስማቸው ባይጠራም ድካማቸው ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም።

እርግጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ምሳ ያልበላን ልጅ ማስሮጥ ግፍ ነው፤ ስለዚህ ከሰዓቱ በፊት የሚቀድመው ጥያቄ «በልታችኋል ወይ?» የሚለው ነው። የቀረው አይከብድም። ቀኑን በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የምትውሉ ወንድሞችና እኅቶች፥ በሳምንት አንድ ጊዜ በሰፈራችሁ ወዳለው ትምህርት ቤት ብቅ ብትሉ፥ ሰዓት የሚይዝና የመጨረሻው ልጅ እስኪገባ የሚጠብቅ ሰው እንፈልጋለን።