ስንጥቋን አትናቋት

ፒክአፕ ላይ የተጫነች ማደሪያ ቤት ይዛችሁ በካሊፎርኒያው ዴዝ ቫሊ ወደ ሬስትራክ ስትጓዙ፣ መንገዱ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸበሸበ ኮረኮንች ነው። መንቀጥቀጡ ቤቲቱን ከመኪናው ጋር ያሰራትን ብረት ያደክመዋል። ማንቆርቆሪያዎች ከተንጠለጠሉበት ቲኬትል መገንጠያ ስትደርሱ ወርዳችሁ ማሰሪያውን እዩ፤ አንዳችሁ ባትሪ ያብራ፣ ሌላችሁ ይመልከት።

የፀጉር ያህል የቀጠነች ስንጥቅ ካገኛችሁ ቀስ ብላችሁ ተመለሱና ብየዳ ቤት ሂዱ። ከላይ መቀባት አይበቃም። ባለሙያው በስንጥቋ ጫፍ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ጫናው ስለሚበተን ስንጥቋ ወደ ፊት መሄዷን ታቆማለች። ከዚያ የመኪናውን ባትሪ ገመድ ፈትቶ፣ ቀለሙንና ዝገቱን ሞርዶ ይበይዳል፤ ማጠናከሪያ ብረትም ይደርባል።

ማሰሪያው አውራ ጎዳና ላይ ቢበጠስ አደጋው የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ከኋላችሁ የሚመጣውም ቤተሰብ አለ።